ከትምህርት ቤት የሚላከውን መልእክት ለቤተሰብ ጨዋታ እንዴት እንደሚጠቀሙበት

ከአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ወደ ቤት የሚላክ መልእክት ዕድሜው አጭር ነው። በመገናኛ ደብተር ከመጣ ይፈረምበታል፤ በስልክ ከመጣ «እናመሰግናለን» ይባልና ያልፋል። ወላጅ መልእክቱን ሲከፍት ዓይኑ የሚፈልገው ሦስት ነገር ነው፦ የሚከፈል አለ? ፈተና መቼ ነው? ልጄ ምን አጠፋ? ሦስቱም ከሌሉ «ምንም የለውም» ተብሎ ይዘጋል።

እኔ ግን ትልቁ ጥቅም ያለው «ምንም የለውም» በተባለው ክፍል ውስጥ ነው ባይ ነኝ። «በዚህ ሳምንት የውኃ ዑደትን ተምረናል»፣ «በመበደር መቀነስ ጀምረናል»፣ «በክፍላችን ባቄላ ዘርተናል» የሚሉት ዓረፍተ ነገሮች፣ ልጁ ቀኑን ሙሉ ከዋለበትና ወላጅ ከማያየው ቦታ የመጡ ወሬዎች ናቸው። ማታ ላይ ልጁን በምን ማጫወት እንደሚቻል የሚጠቁሙት እነሱ ናቸው። ከዚህ በታች የቀረበው አካሄድ ከአንደኛ እስከ ስድስተኛ ክፍል ላሉ ልጆች ይሆናል፤ የሚገዛ ነገርም የለውም።

ወደ ዝርዝሩ ከመግባታችን በፊት ስለ ጊዜ አንድ ነገር መባል አለበት። ሥራ የሚበዛበት ወላጅ «ከልጆችዎ ጋር ጊዜ ያሳልፉ» የሚለውን ምክር እንደ ክስ ነው የሚሰማው። ሜሊሳ ሚልኪ የተባሉ የሶሲዮሎጂ ተመራማሪ ከሁለት ባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2015 ያሳተሙት የአሜሪካ ጥናት ግን ለዚህ ወላጅ እፎይታ የሚሰጥ ነው። ዕድሜያቸው ከ3 እስከ 11 ዓመት በሆኑ ልጆች ላይ፣ እናት ከልጇ ጋር የምታሳልፈው የሰዓት ብዛት ከልጁ ጠባይ፣ ከስሜቱም ሆነ ከትምህርት ውጤቱ ጋር የሚጠቀስ ግንኙነት አልታየበትም። ይህ ማለት አብሮ መሆን ዋጋ የለውም ማለት አይደለም፤ ሰዓት መቁጠር ጥሩ መለኪያ አይደለም ማለት ነው። ስለዚህ የሚፈለገው ረጅም ምሽት ሳይሆን በሳምንት ውስጥ ጥቂት ጊዜ የሚደጋገሙ፣ ሐሳብ ያልተበታተነባቸው ደቂቃዎች ናቸው።

1. አስቀድመው ያንብቡ፤ ከመልእክቱም አንድ ነገር ብቻ ይምረጡ

ልጁን ከመጠየቅዎ በፊት መልእክቱን እስከ መጨረሻው ያንብቡ። አምስት ትምህርት ተዘርዝሮ ከሆነ አምስቱንም ማንሳት አያስፈልግም። ለልጁ ቅርብ የሚሆነውን፣ ወይም እርስዎ ራስዎ ማወቅ የሚፈልጉትን አንዱን ይያዙ። ሁለተኛው መስፈርት ከመጀመሪያው ይበልጣል፤ ልጆች የይስሙላ ጥያቄን ቶሎ ያውቁታልና።

መልእክቱ እርስዎ በማያነቡት ቋንቋ ከተጻፈ፣ ወይም ከነጭራሹ ማንበብ ካልተማሩ፣ ይህ ለመሸማቀቅ ምክንያት አይሆንም። ልጁ ራሱ ያንብብልዎ። የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ለአያቱ የመምህሩን ደብዳቤ እያነበበ፣ የከበደውን ቃል እያስረዳ ሲቀመጥ፣ ያ ራሱ የማንበብ ልምምድ ነው፤ ያውም አድማጭ ያለው።

2. ዓረፍተ ነገሩን ወደ ጥያቄ ይለውጡት

«ዛሬ እንዴት ዋልክ?» «ደህና።» «ምን ተማራችሁ?» «ምንም።» ይህ ንግግር በየቤቱ ስለሚደገም ብዙ ወላጅ ልጁ የሚደብቀው ነገር ያለ ይመስለዋል። ልጁ ግን አልዋሸም፤ ጥያቄው ሰፍቶበት ነው። ቀኑን ሙሉ ያየውንና የሰማውን ሁሉ በአንድ ዓረፍተ ነገር አጠቃልል ቢባል ለትልቅ ሰውም ይከብዳል።

የትምህርት ቤቱ መልእክት ጥያቄውን ያጠብልዎታል። የውኃ ዑደት ከተማሩ፣ «ዝናብ ካቆመ በኋላ መንገድ ላይ የተኛው ውኃ የት ይሄዳል?» ይበሉ። በመበደር መቀነስ ከጀመሩ፣ «ከ52 ላይ 27 ስትቀንሺ ሁለቱ ለሰባት አልበቃ ሲል ምን ታደርጊያለሽ? አሳዪኝ» ይበሉ። ባቄላ ከዘሩ፣ «የማን ቀድሞ በቀለ?» ማለት ይበቃል፤ ከዚህ ጥያቄ በኋላ የክፍሉ ጓደኞች ስም፣ ማን ውኃ አብዝቶ እንዳበላሸ፣ ማን እንዳለቀሰ ሁሉ ይከተላል። ስለ ባቄላው የጀመረው ወሬ ወደ ልጁ ወዳጅነትና ቅሬታ ካመራ አይመልሱት። ሊሰሙት የሚፈልጉት እሱን ነበርና።

ከትምህርት ቤት በር ላይ ወዲያው አይጠይቁ። ልጁ ርቦታል፣ ደክሞታል፤ መጀመሪያ ይቅመስ፣ ይረፍ። ብዙ ልጆች ደግሞ ፊት ለፊት ተቀምጠው ከሚጠየቁ ይልቅ ጎን ለጎን ሆነው አንድ ነገር ሲሠሩ ይናገራሉ፦ በእግር ሲሄዱ፣ ዕቃ ሲያጥቡ፣ ልብስ ሲያጥፉ። ከጠየቁ በኋላ ዝም ይበሉ። ዝምታው ሲረዝም መልሱን ራስዎ ለመሙላት የሚመጣውን ፈተና ይታገሱት።

ልጁ ሲመልስ ምን ይደረጋል? ግሮቨር ዋይትኸርስት የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ1988 ያሳተሙት የንባብ ስልት ለትንንሽ ልጆች የተዘጋጀ ነበር፤ አካሄዱ ግን ለዚህም ያገለግላል። ትልቁ ሰው ይጠይቃል፤ የልጁን መልስ ተቀብሎ ትክክል መሆን አለመሆኑን ያሳውቃል፤ ጥቂት ቃላት ይጨምርበታል፤ ከዚያ ልጁ የተጨመረውን ይዞ መልሶ እንዲናገረው ያደርጋል። «ውኃው ይደርቃል» ሲል፣ «አዎ፣ ፀሐይ ስታሞቀው ተንኖ ወደ ላይ ይሄዳል፤ ታዲያ ላይ ሲደርስ ምን ይሆናል?» ማለት ነው። ተራኪው ልጁ ነው፤ እርስዎ ደጋፊ ነዎት።

ሁልጊዜ ልጁ ብቻ የሚጠየቅ ከሆነ ግን ነገሩ ጨዋታ መሆኑ ይቀርና ምርመራ ይሆናል። የራስዎን ያካፍሉ። እርስዎ በዚያ ክፍል ሳሉ ምን ይከብድዎት እንደነበር፣ አጠገብዎ ማን ይቀመጥ እንደነበር ይንገሩት። በኤሞሪ ዩኒቨርሲቲ ማርሻል ዱክና ሮቢን ፊቩሽ 20 ጥያቄዎች አዘጋጅተው ልጆች ስለ ቤተሰባቸው ታሪክ ምን ያህል እንደሚያውቁ መርምረው ነበር። ወላጆቻቸው የት እንደተገናኙ፣ አያቶቻቸው የት እንዳደጉ የመሳሰለውን የሚያውቁት ልጆች ለራሳቸው ያላቸው ግምት ከፍ ያለ ሆኖ ተገኝቷል። የቤተሰብ ታሪክ ማወቁ ብቻውን ይህን አመጣ ማለት አይቻልም፤ እንዲህ ያለ ወሬ የሚወራበት ቤት ግን ሌላም ብዙ የሚወራበት ቤት ነው።

3. አዲስ ሰዓት ከመፈለግ በነበረው ላይ ያያይዙት

«ከዛሬ ጀምሮ በየቀኑ ከ12 እስከ 1 ሰዓት የቤተሰብ ጊዜ» የሚል ዕቅድ የመጀመሪያውን ሳምንት አልፎ ሲዘልቅ እምብዛም አይታይም። ቀድሞውንም ከሚደረግ ነገር ጋር የተያያዘ ይሰነብታል፦ ከራት፣ ከመንገድ፣ ከመኝታ። የራት ሰዓት በተለይ የተጠና ነው። የሃርቫርዷ ካትሪን ስኖውና ባልደረቦቻቸው የቤተሰቦችን የማዕድ ወሬ ቀርጸው ሲመረምሩ፣ ልጆች በሌላ ጊዜ እምብዛም የማያገኟቸው ቃላት እዚያ እንደሚነገሩ አይተዋል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ትልልቆቹ ስለ ትላልቅ ጉዳዮች ሲያወሩ ልጁ እየበላ ይሰማል።

ቁጥር ከሆነ የሳምንቱ ትምህርት፣ የገንዘብ መልስ መቁጠር፣ የውኃ መጠን በብርጭቆ መለካት፣ እስኪደርሱ የቀረውን ጊዜ መገመት ይቻላል። ለትንንሾቹ ደግሞ ካርቶን ላይ ቁጥሮችን በተርታ ጽፎ ጠጠር ማራመድ በቂ ነው። ሮበርት ሲግለርና ጊታ ራማኒ እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተሙት ሥራ፣ ከ1 እስከ 10 በተርታ የተጻፈበትን ሰሌዳ በጥቂት አጫጭር ክፍለ ጊዜያት የተጫወቱ የቅድመ መደበኛ ልጆች የቁጥር ዕውቀታቸው ተሻሽሏል፤ ያንኑ ጨዋታ በቁጥር ፈንታ በቀለም የተጫወቱት ግን አልተሻሻሉም። ልዩነቱን ያመጣው ልጁ ጠጠሩን ሲያራምድ ያረፈበትን ቁጥር በድምፅ መጥራቱ ነው። «አምስት፣ ስድስት» እያለ ይራመድ እንጂ በየሳጥኑ «አንድ፣ ሁለት» ብሎ ከመጀመሪያው አይቁጠር።

በሌሊት ፈረቃ የሚሠራ ወላጅ ራት ላይ ላይገኝ ይችላል። ጥያቄውን በቁራጭ ወረቀት ጽፎ ደብተሩ ውስጥ ማኖር፣ መልሱንም ጠዋት ማንበብ ይችላል። እንዲያውም ከአፍ ይልቅ በጽሑፍ የሚቀናቸው ልጆች አሉ።

4. ስልኩን ያርቁ፤ መጀመሪያ የራስዎን

እዚህ ላይ ብዙ መስበክ አልፈልግም። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው ምክር፣ ዕድሜያቸው 6 እና ከዚያ በላይ ለሆኑ ልጆች ለሁሉም የሚሆን አንድ የሰዓት ገደብ አላስቀመጠም፤ ቤተሰቡ ራሱ ወጥ የሆነ ገደብ እንዲያበጅና እንደ ራት ያሉ ሰዓቶች ከስክሪን ነፃ እንዲሆኑ ነው የመከረው። ከ6 እስከ 12 ዓመት ያለ ልጅ በ24 ሰዓት ውስጥ በድምሩ ከ9 እስከ 12 ሰዓት ያህል መተኛት እንደሚያስፈልገውም አይዘንጋ። እንቅልፉን ቆርሶ የሚመጣ የቤተሰብ ጊዜ ትርፍ የለውም።

5. ሁለተኛ ትምህርት ቤት አያድርጉት

አብዛኛው ጥሩ ሐሳብ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ወላጁ «ባቄላው በቀለ?» ብሎ ይጀምርና ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ «እስቲ የተክል ክፍሎችን ዘርዝር» ላይ ይደርሳል። ልጁ በሚቀጥለው ቀን ስለ ባቄላው ትንፍሽ አይልም።

የቤት ሥራና ጨዋታ ይለያዩ። የቤት ሥራ የራሱ ሰዓት አለው፤ ልጁ ይሥራው፣ እርስዎ አጠገቡ ይሁኑ። በተለይ ሒሳብ የሚያስፈራዎት ከሆነ ይጠንቀቁ። ኤሪን ማሎኒና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2015 በአንደኛና በሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ላይ ባደረጉት ጥናት፣ ሒሳብን የሚፈሩ ወላጆች በቤት ሥራ አዘውትረው ሲያግዙ ልጆቻቸው በዓመቱ ውስጥ የተማሩት ሒሳብ አነስተኛ ሆኗል፤ ፍርሃቱም ወደ ልጆቹ ተጋብቷል። እንዲህ ያሉ ወላጆች እምብዛም በማያግዙበት ጊዜ ግን ይህ አልታየም። መፍትሔው ከሒሳብ መሸሽ አይደለም፤ አስተማሪ መሆንን ትቶ ተማሪ መሆን ነው። «እኔ የተማርኩት በሌላ መንገድ ነው፤ የእናንተን አስተምሪኝ» ይበሉ። ልጅቷ በምታስረዳበት ጊዜ ስሕተቷን ራሷ የምታገኘው ብዙ ጊዜ ነው።

ሲያመሰግኑም «አንተ እኮ ጎበዝ ነህ» ከማለት «ሦስት ጊዜ ሞክረህ አገኘኸው» ማለት ይሻላል። ክላውዲያ ሙለርና ካሮል ድዌክ እ.ኤ.አ. በ1998 እንዳሳዩት፣ በብልህነታቸው የተመሰገኑ የአምስተኛ ክፍል ልጆች ከባድ ጥያቄ ገጥሟቸው ሲሳሳቱ፣ በጥረታቸው ከተመሰገኑት ይልቅ ቶሎ ተስፋ ቆርጠዋል።

6. ለመምህሩ አንድ ዓረፍተ ነገር ይመልሱ

«ስለ ባቄላው ራት ላይ ነገረን፤ የሱ ለምን እንዳልበቀለ ግን ገና አልገባውም።» ይህ ይበቃል። መምህሩ ነገ ክፍል ውስጥ ምን እንደሚያደርግ ያውቃል፤ ልጁም ቤቱና ትምህርት ቤቱ እንደሚነጋገሩ ያያል።

መልእክቱን ለምትጽፉ መምህራን

ወላጅ ይህን ሁሉ የሚያደርገው ከእናንተ የሚደርሰው መልእክት የሚያዝ ነገር ሲኖረው ነው። «ከልጆቻችሁ ጋር ጥሩ ጊዜ አሳልፉ» የሚል ምክር ማንም አይቃወመውም፤ ማንም አይፈጽመውምም። በሳን ፍራንሲስኮ፣ ቤንጃሚን ዮርክና ሱዛና ሎብ የተባሉ ተመራማሪዎች፣ ዕድሜያቸው 4 ዓመት ለሆኑ ልጆች ወላጆች በሳምንት ሦስት አጫጭር የስልክ መልእክት እንዲደርስ አድርገው ነበር፦ አንዱ መረጃ፣ አንዱ ቤት ውስጥ የሚሞከር ትንሽ ነገር፣ ሦስተኛው ማበረታቻና ማጠናከሪያ። ወላጆቹ በቤት የሚያደርጉት እንቅስቃሴ ከመጨመሩም በላይ መምህራኑን አዘውትረው መጠየቅ ጀምረዋል።

ስለዚህ ገጽ አትሙሉ። በዚህ ሳምንት የተማሩትን አንድ ነገር፣ ቤት የሚጠየቅ አንድ ጥያቄ፣ ከአምስት ደቂቃ የማይበልጥ አንድ ጨዋታ ጻፉ፦ «በዚህ ሳምንት ጥላ እንዴት እንደሚፈጠር ተምረናል። ጥላህ የሚያጥረው በየትኛው ሰዓት እንደሆነ ጠይቁት። ማታ መብራት ፊት እጃችሁን ዘርግታችሁ፣ ወደ ግድግዳው ስትቀርቡና ስትርቁ ጥላው ምን እንደሚሆን አብራችሁ እዩ።» የሚገዛ ዕቃ የሚጠይቅ ጨዋታ አትላኩ፤ መግዛት ያልቻለው ቤት የሚደርሰው ኀፍረት ብቻ ነው።

«ውድ እናትና አባት» ከማለት «ለቤተሰብ» ማለት ይሻላል፤ ከአያቱ ወይም ከአክስቱ ጋር የሚኖረው ልጅም መልእክቱ ለቤቱ እንደተጻፈ ይወቅ። የአንድን ልጅ ጥፋት በጋራ መልእክት አታንሱ፤ ለብቻ፣ ቢቻል በቃል ይሁን። በየወሩ ደግሞ ለእያንዳንዱ ቤት ስለ ልጁ አንድ መልካም ነገር በስሙ ይድረስ። መላኪያውን ቀን ሳታቀያይሩ፣ ከሳምንቱ የትምህርት ቀናት በመጨረሻው ላይ አድርጉት፤ ቤተሰቡ የሚሰበሰበው ብዙውን ጊዜ ከዚያ በኋላ ነው።