ክብደት ከቀነሰ በኋላ ልክ አልሆን ያለ ጡት ማስያዣ፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

ክብደት የቀነሰች ሴት ቀሚሷን ታስጠብባለች፣ ሱሪዋን ትቀይራለች፣ ቀበቶዋ ላይ አዲስ ቀዳዳ ታስበሳለች። ጡት ማስያዣዋ ግን ከውስጥ ስለሚውል ማን ያየዋል ብላ በድሮው ትቀጥላለች። ቀኑን ሙሉ ማንገቻ ስትመልስና ከጀርባዋ ወደ ታች ስትጎትት ትውላለች፤ ማታ ትከሻዋን ያማታል። ይህ መከራ በአብዛኛው ቀላል መፍትሄ አለው። የሚያስቸግረው መጀመሪያ የምንነካው ቦታ የተሳሳተ መሆኑ ነው። ሁላችንም እጃችን የሚሄደው ወደ ማንገቻው ነው፤ ጥፋቱ ግን ብዙ ጊዜ ያለው ዙሪያው ላይ ነው።

ዙሪያ የምለው ከጡት ሥር ተነሥቶ ጀርባ ላይ በመንጠቆ የሚያያዘውን ማሰሪያ ነው። ማቀፊያ የምለው ጡቱ የሚያርፍበትን ክፍል፣ ማንገቻ የምለው ደግሞ ትከሻ ላይ የሚወጣውን ነው።

በሜትር እንጀምር

የልብስ ሰፊ ሜትር ያዢና መስታወት ፊት ቁሚ። መጀመሪያ ልክ ከጡትሽ ሥር ዙሪያሽን ለኪ። ሜትሩ ከፊትም ከኋላም እኩል ከፍታ ላይ ይዋል፤ ትንፋሽሽን አውጥተሽ ጠበቅ አድርጊው። ቀጥሎ ስስና ስፖንጅ የሌለው ጡት ማስያዣ አድርገሽ፣ ጡትሽ በጣም ጎልቶ በሚወጣበት ቦታ ላይ ሳታጠብቂ ለኪ።

በሴንቲሜትር በሚሠራው የአውሮፓ አለካክ የመጀመሪያው ልኬት ቁጥሩን ይሰጥሻል። ከ68 እስከ 72 ከሆነ 70፣ ከ73 እስከ 77 ከሆነ 75፣ ከ78 እስከ 82 ከሆነ 80፣ ከ83 እስከ 87 ከሆነ 85 ነሽ። ፊደሉን የሚሰጥሽ በሁለቱ ልኬቶች መካከል ያለው ልዩነት ነው፤ ከ12 እስከ 14 ሴንቲሜትር ኤ፣ ከ14 እስከ 16 ቢ፣ ከ16 እስከ 18 ሲ፣ ከ18 እስከ 20 ዲ ይባላል።

እዚህ ላይ ብዙ ሴቶችን የሚያሳስት ነገር አለ። ከጡቷ ሥር 84፣ ከላይ 99 የነበረች ሴት ልኳ 85 ቢ ነበር። ክብደት ቀንሳ ከሥር 76፣ ከላይ 91 ሆነች እንበል። ልዩነቱ አሁንም 15 ስለሆነ ፊደሏ ቢ እንደሆነ ይቀራል፤ ቁጥሯ ግን 75 ሆኗል። «እኔ ቢ ነኝ፣ አልተለወጥኩም» ብላ ብታስብ ተሳስታለች፤ የ75 ቢ ማቀፊያ ከ85 ቢ ማቀፊያ በጣም ያንሳል። ፊደል ብቻውን መጠን አይናገርም፤ ከቁጥሩ ጋር ካልተነበበ ዋጋ የለውም።

ምልክት፦ ዙሪያው ከኋላ ወደ ላይ ይሸሻል

ከጎን ሆነሽ መስታወት ተመልከቺ። ዙሪያው ከፊት ወደ ኋላ ቀጥ ያለ አግድም መስመር መሥራት አለበት። ከኋላ ወደ ትከሻሽ እየወጣ ከሆነ ሰፍቶሻል ማለት ነው።

የጡትን ክብደት በዋናነት የሚሸከመው ዙሪያው ነው፤ የማንገቻው ሥራ ማቀፊያውን ከሰውነት ጋር አስጠግቶ መያዝ ነው። ዙሪያው ሲሰፋ ሸክሙ በሙሉ ወደ ማንገቻው ይዞራል። ሴትየዋም ማንገቻውን ታሳጥራለች፤ ያጠረው ማንገቻ ዙሪያውን ከኋላ የበለጠ ወደ ላይ ይስበዋል፤ ከኋላ ሲወጣ ከፊት ጡቱ ይወርዳል፤ ጡቱ ሲወርድ እንደገና ማንገቻ ታሳጥራለች። ትከሻ ላይ እንደ ቦይ የሚቀረው ጉድጓድና የአንገት ሕመም የሚመጡት ከዚህ ነው። ስለዚህ እህቴ፣ ዙሪያውን ሳታዪ የማንገቻውን ዘለበት አትንኪ።

እርግጠኛ ለመሆን ሁለት ፈተናዎች አሉ። አንደኛ፣ ጡት ማስያዣውን እንደለበስሽ ሁለቱንም ማንገቻዎች ከትከሻሽ አውርጂ። ዙሪያው በቦታው ከቆየ ልክሽ ነው፤ ከተንሸራተተ ሰፊ ነው። ሁለተኛ፣ ማቀፊያው ጀርባሽ ላይ እንዲውል ገልብጠሽ አድርጊው። እንዲህ ሲሆን ጡቱ ስለማይገባበት የዙሪያውን ጥብቀት ብቻውን ታውቂያለሽ። ሁለት ጣት ከሥሩ ሲገባ መያዝ፣ ከዚያ በላይ ግን አለመፍቀድ አለበት።

መፍትሄው ከመንጠቆው ይጀምራል። አብዛኛው ጡት ማስያዣ ሦስት ረድፍ ማያያዣ አለው። እስካሁን በመጨረሻው፣ ማለትም በሰፊው ረድፍ ላይ ከነበርሽ ወደ ውስጥ አስገቢው፤ ጥቂት ሴንቲሜትሮች ታተርፊያለሽ። በጠባቡ ረድፍ ላይ ሆኖም ከላላ ወይ ይጠባል ወይ ይቀየራል። ስለ ማስጠበቡ ወደ ታች እመለሳለሁ።

ማቀፊያው ልክሽ ሆኖ ዙሪያው ብቻ ከሰፋ፣ አዲስ ስትገዢ ቁጥሩን አንድ ደረጃ ቀንሰሽ ፊደሉን አንድ ደረጃ ጨምሪ። የ80 ሲ ማቀፊያ የሚይዘውን ያህል 75 ዲም ይይዛል። ሻጮች «ዲ ለአንቺ ትልቅ ነው» ቢሉሽ አትደንግጪ፤ ለክተሻል።

ምልክት፦ ማንገቻው ከትከሻ ይወርዳል

ዙሪያው ተስተካክሎም ይህ ከቀጠለ መንስኤው ሌላ ነው። ክብደት ሲቀንስ ትከሻና ጀርባም ይጠባሉ፤ ለሰፊ ጀርባ የተሰፋው ማንገቻ አሁን ወደ ትከሻሽ ጫፍ ቀርቧል። አሁን ማሳጠር ይፈቀድልሻል፤ ሆኖም ማንገቻው ትከሻሽ ላይ ምልክት እስኪተው ድረስ አይሁን። ካልበቃ ሁለቱን ማንገቻዎች ጀርባ ላይ አቀራርቦ የሚይዝ ትንሽ ማያያዣ ይሸጣል። ካጣሽ አጭር ጥብጣብ ወስደሽ በትከሻ አጥንቶችሽ መካከል ከማንገቻዎቹ ጋር ስፊው፤ ያንኑ ሥራ ይሠራል። ዘለበቱ በራሱ እየላላ የሚንሸራተት ከሆነ ደግሞ ልኩን ካገኘሽ በኋላ በሁለት የክር ስፌት አስሪው።

ምልክት፦ ማቀፊያው ይሸበሸባል ወይም ከላይ ባዶ ይቀራል

ብዙ ሴቶችን በመስታወት ፊት የሚያሳዝናቸው ይህ ነው፤ ስለዚህ ምን እንደሆነ በደንብ ማወቅ ይገባል። ጡት ከስብና ወተት ከሚያመርቱ ዕጢዎች የተሠራ ነው። ክብደት ሲቀንስ ስቡ ይቀንሳል፤ ቆዳው ግን በዚያው ፍጥነት አይሰበሰብም። ጡቱ ከላይ በኩል ጎድሎ ከሥር ሙላቱን ይዞ ይቀራል። በተለይ ጡት አጥብታ ያስጣለች እናት ላይ ይህ ይጎላል። በሽታ አይደለም፤ የሰውነት ተፈጥሯዊ ለውጥ ነው።

የተለመደው ስህተት ወዲያው ማቀፊያውን ሁለት ደረጃ ማሳነስ ነው። ከላይ ያለው ባዶነት ይጠፋል፤ ከሥር ግን ጡቱ አይገባም፣ ሽቦውም ሥጋ ላይ ይቀመጣል። መጀመሪያ ወደ ፊት ጎንበስ ብለሽ በብብትሽ በኩል የቀረውን ጡት በእጅሽ ሰብስበሽ ወደ ማቀፊያው አስገቢው፤ ከዚያ ቀና በዪ። ከዚህ በኋላ መሸብሸቡ ከሥርም ከጎንም ካለ ማቀፊያው በእውነት ትልቅ ነው፤ አንድ ደረጃ ቀንሺ። ባዶ የሆነው ከላይ ብቻ ከሆነ ግን ጉዳዩ የመጠን ሳይሆን የቅርጽ ነው። እስከ ላይ የሚሸፍነውን ሙሉ ማቀፊያ ትተሽ ከላይ አጠር ብሎ የተቆረጠውን ምረጪ፤ ወይም ስስ ስፖንጅ ከሥር አስገቢ። ስፖንጁ ከሥር ሲገባ ጡቱን ወደ ላይ አንሥቶ ባዶውን ይሞላዋል፤ ከላይ ብትደርቢው ግን ክፍተቱን ያሰፋዋል።

ምልክት፦ ሽቦው ብብት ይወጋል ወይም ከደረት ይርቃል

የጡትሽ ሥር ጠቧል፤ ሽቦው ግን የድሮውን ስፋት እንደያዘ ነው። ሽቦ አይጠብም፤ አይታጠፍም። ጫፉ ከጨርቁ ከወጣ ለጊዜው ቀዳዳውን ደርበሽ ስፊው፤ ከዚያ ውጭ መቀየር ብቻ ነው መፍትሄው። ሽቦውን አውጥቶ መልበስ ለቤት ይሆናል፤ ለሥራ ቀን ግን አይይዝም።

ምልክት፦ አንዱ ጎን ብቻ ሰፋ

ሁለት ጡቶች ፍጹም እኩል የሆኑላት ሴት እምብዛም የለችም፤ ክብደት ሲቀንስ ልዩነቱ ሊጎላ ይችላል። ሁልጊዜ ለትልቁ ግዢ፤ በትንሹ በኩል ስፖንጅ አስገቢ፣ የዚያን ወገን ማንገቻም በጥቂቱ አሳጥሪ።

ነገር ግን ልዩነቱ ድሮ ያልነበረና በቅርብ የመጣ ከሆነ ጡት ማስያዣ አትለውጪ፤ ሐኪም ዘንድ ሂጂ። እብጠት፣ የቆዳ መሰርጎድ፣ ወደ ውስጥ የገባ የጡት ጫፍ፣ ከጡት ጫፍ የሚወጣ ደም ወይም ፈሳሽ፣ በብብት ሥር የሚዳሰስ ጠጠር ሲኖር ነገ አይባልም። በኢትዮጵያ ሴቶች ላይ በብዛት የሚገኘው ካንሰር የጡት ካንሰር ነው፤ ቀድሞ ሲደረስበት የመዳን ዕድሉ ሰፊ ነው። ሳትፈልጊው የቀነስሽው ክብደትም ምርመራ ይጠይቃል። ከ6 እስከ 12 ወራት ባለው ጊዜ ከ5 በመቶ በላይ፣ ማለትም 70 ኪሎ የነበረች ሴት ከ3 ኪሎ ተኩል በላይ፣ ያለ ምክንያት ከቀነሰች ስኳር፣ የታይሮይድ ዕጢ ችግር፣ ሳንባ ነቀርሳና ሌሎችም ይፈተሹ። «ቆንጆ ሆንሽ» የሚልሽ ሰው ይህን ሊያውቅ አይችልም።

የድሮውን ማስጠበብ

ማቀፊያው ልክሽ ከሆነና ላስቲኩ ገና ካልደከመ፣ ዙሪያውን እስከ 5 ሴንቲሜትር ማስጠበብ ይቻላል። አንዱ መንገድ በጀርባ በኩል መንጠቆ ያለበትን ቁራጭ ፈትቶ፣ ዙሪያውን ቆርጦ፣ መንጠቆውን መልሶ መስፋት ነው። ይህ ማንገቻዎቹንም ከኋላ ስለሚያቀራርባቸው ለሚወርድ ማንገቻ ጥሩ ነው። ማንገቻው ለመንጠቆው በጣም የቀረበ ከሆነ ግን በብብት ሥር ካሉት ስፌቶች በሁለቱም ጎን እኩል መውሰድ ይሻላል። ስፌቱ ከላስቲኩ ጋር የሚለጠጥ ዚግዛግ ይሁን፤ ቀጥ ያለ ስፌት ዙሪያው ሲሳብ ይበጠሳል። የሰፈር ልብስ ሰፊ በጥቂት ደቂቃ ይጨርሰዋል፤ ለወንድ ሰፊ መስጠት ካፈርሽ በእጅ መርፌ ወደ ኋላ እየመለስሽ ብትሰፊውም ይይዛል።

ከ5 ሴንቲሜትር በላይ አትሂጂ። ማቀፊያዎቹ ወደ ብብት ይሳባሉ፤ ያበላሸሽው ይበዛል። በፋብሪካ ተጨምቆ ቅርጽ የወጣለትን የስፖንጅ ማቀፊያ ለማሳነስም አትሞክሪ፤ ይጨማደዳል እንጂ አይጠብም።

ገና እየቀነስሽ ከሆነ

ውድ ጡት ማስያዣ አትግዢ። ሽቦ የሌለው፣ የሚለጠጥ፣ በሰፊው ረድፍ ላይ ልክሽ የሚሆን አንድ ወይም ሁለት ይበቃሻል፤ ስትቀንሺ ወደ ውስጥ የምታስገቢባቸው ሁለት ረድፎች ይቀሩሻል። ለሩጫና ለፈጣን እርምጃ የምትለብሺውን ግን አትጠብቂበት። ጠዋት ጠዋት መስቀል አደባባይ ደረጃ ላይ የምትሮጪ ከሆነ፣ የላላ የስፖርት ጡት ማስያዣ ከሁሉ በፊት የሚቀየር ነው።

በሌላ በኩል ክብደታቸው ከወቅት ጋር የሚወጣና የሚወርድ ሴቶች አሉ። በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ቀንሳ ከፋሲካ በኋላ የምትመለስ ሴት የድሮውን መጣል የለባትም፤ በሁለት ልክ መያዝ ይበጃታል። የምታጠባም እናት ጡት ካስጣለች በኋላ ጡቷ እስኪረጋ ጥቂት ወራት ትቆይ።

ላስቲኩ ሲደክም

አንዳንዴ ሰውነትሽን ትወቅሻለሽ እንጂ ያለቀው ላስቲኩ ነው። ዙሪያውን በሁለት እጅ ጎትተሽ ልቀቂው፤ ቶሎ ካልተመለሰ ሥራውን ጨርሷል። ላስቲክን የሚገድሉት በረኪና፣ ሙቅ ውኃና ጠራራ ፀሐይ ናቸው። በቀዝቃዛ ወይም ለብ ባለ ውኃ በእጅ እጠቢ፤ አትጠምዝዢ፤ በፎጣ ጨምቀሽ ጥላ ላይ አስጪ። በማንገቻው አትስቀዪ፤ የውኃው ክብደት ይለጥጠዋል። አንዱን ሁለት ቀን በተከታታይ አትልበሺ፤ ላስቲኩ ለመመለስ ዕረፍት ይፈልጋል።

ስትገዢ

መርካቶ ውስጥ መሞከሪያ ክፍል የሚገኝበት ሱቅ ጥቂት ነው፤ ሻጩም በዓይኑ ገምቶ «ይሄ ልክሽ ነው» ይልሻል። ጠበቅ ያለ ስስ ካናቴራ ለብሰሽ ሂጂ፤ ከላዩ ላይ ዙሪያውን መሞከር ትችያለሽ። ሜትር በቦርሳሽ ይኑር። አዲስ ሲሆን በሰፊው ረድፍ ላይ ልክ የሚሆንሽን ውሰጂ፤ ሲውል ሲያድር መላላቱ አይቀርም። የሐበሻ ቀሚስ ልታሰፊ ከሆነ ጡት ማስያዣውን አስቀድመሽ ግዢና እርሱን ለብሰሽ ተለኪ፤ በድሮው የተለካ ቀሚስ ደረቱ ላይ ተንሥቶ ይቀራል።

ውጭ አገር ያለች እህት ልትልክልሽ ከሆነ የድሮ ልክሽን ስለምታስታውስ አዲሱን በግልጽ ንገሪያት፤ ለምትኖርበት አገር በሚሆን ቁጥርም ይሁን። በአሜሪካና በእንግሊዝ ዙሪያው የሚጻፈው በኢንች ነው፦ 70 የሚባለው 32፣ 75 የሚባለው 34፣ 80 የሚባለው 36፣ 85 የሚባለው 38 ነው። በፈረንሳይና በስፔን ደግሞ በእኛ 75 የሆነው 90 ተብሎ ይጻፋል። ከዲ በላይ ያሉት ፊደላት ከአገር አገር ስለሚለያዩ፣ ለዚህ ልክ ከሥርና ከላይ የለካሽውን ሁለቱን ሴንቲሜትር ላኪላት፤ እርሷ ከሱቁ ሠንጠረዥ ታገኘዋለች።