በግና ሰው ከአንድ ውሃ ሲጠጡ፦ የጉበት ትልን እንዴት እንከላከል

ወሎ ውስጥ ጨፋ ዳር ያደገ ሰው ያውቀዋል፣ በጋ ላይ ሌላው ሲደርቅ ከብቱ ሁሉ ቦርከና ወንዝ ዳር ወዳለው ረግረግ ይወርዳል፣ ሳሩን የሚያለመልመው እርጥበት ግን የጉበት ትሉንም የሚያኖረው እሱው ነው።

አምና ለአረፋ ያረድነው በግ ላዩ ደህና ነበር፣ አጎቴ ጉበቱን ሰንጠቅ ሲያደርገው ግን ከቧንቧው ውስጥ ጠፍጣፋ ቅጠል የመሰለ ትል እየተጠቀለለ ወጣ። ጣልነው፣ መጣሉ ልክ ነው፣ ግን ትሉ ወደ ሰው የሚገባው በዋናነት ጉበት በመብላት አይደለም። እንቁላሉ ከበጠጥና ከእበት ጋር ውሃ ይገባል፣ ይፈለፈልና ትንሿ ቀንድ አውጣ ውስጥ ገብቶ ይባዛል፣ ወጥቶ ሳርና ቄጤማ ላይ ይለጠፋል፣ ከዛ በጉ ሲግጥ ልጁ ቄጤማ ሲያኝክ እኛም ውሃውን እንዳለ ስንጠጣ ይገባል።

ስለዚህ የመጠጥ ውሃ አፍሉ፣ ከፈላ በኋላ 1 ደቂቃ፣ ደሴና ከዛ በላይ ደጋ ያላችሁ 3 ደቂቃ። ክሎሪን ለዚህ ትል አይታመንም። ውሃ ዳር የበቀለ ቅጠል ሳይበስል አትብሉ፣ ማጠብ ብቻ አያስለቅቀውም፣ ጫትም በወንዝ ውሃ የተነከረ ከሆነ ይቅርባችሁ።

ዋናው ግን ምንጩ ነው። የሰፈሩን ሰው ሰብስባችሁ ምንጩን በእሾህ እጠሩት፣ ከብቱ ከታች በኩል በገንዳ ይጠጣ፣ ገንዳው ዙሪያ ጭቃ እንዳይሆን ድንጋይ አልብሱት፣ ቀንድ አውጣዋ ጭቃ ትወዳለችና። እንዶድ እንጨምርበት የሚሉ አሉ፣ እውነት ነው ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ቀንድ አውጣ ሞቶ አይተው ነው ለቢልሃርዚያ፣ እንደዚሁ በቀንድ አውጣ ለሚተላለፈው ሌላ የትል በሽታ፣ ምርምሩን የጀመሩት፣ ግን እንዶድ ዓሳም ይገድላል፣ በፍፁም የምትጠጡት ምንጭ ውስጥ እንዳትጨምሩ።

በጉ ከመንጋጋው ስር ካበጠ፣ የዓይኑ ቆብ ውስጡ ከነጣ፣ ወደ እንስሳት ጤና ውሰዱት። አልቤንዳዞል የሚባለው መድሃኒት ያደገውን ትል እንጂ ገና ያላደገውን አይገድልም፣ ትሪክላቤንዳዞል ሁለቱንም ይይዛል። አርግዛ የሰነበተችም ትሁን ገና የያዘች በግ ካለች ለባለሙያው ሳትነግሩ መድሃኒት አታጠጡ።

ሰው ላይ ደግሞ በቀኝ ጎን ከጎድን አጥንት ስር ህመም፣ የማይለቅ ትኩሳት፣ ምግብ መጥላት ካለ ሐኪም ጋር ሂዱና የምትጠጡት ውሃ ከየት እንደሆነ ራሳችሁ ንገሩ፣ ካልነገራችሁት ላያስበው ይችላል። እንቁላሉ ሰገራ ላይ የሚታየው ከተያዙ ከ3 እስከ 4 ወር ቆይቶ ስለሆነ መጀመሪያ ላይ "ነፃ ነህ" ቢሏችሁም ህመሙ ከቀጠለ ተመለሱ። ለቢልሃርዚያ የሚሰጠው ፕራዚኳንቴል ለዚህ አይሰራም፣ ከፋርማሲ ዝም ብላችሁ ገዝታችሁ አትዋጡ።