ከፓርለር ሬዞኔተር ጊታር ጋር ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሬዞኔተር ጊታር ከሩቅ ሲያዩት የብረት ክዳን የተገጠመበት ተራ ጊታር ይመስላል። ሆዱ ውስጥ ያለው ግን ሌላ ነገር ነው። የኤሌክትሪክ ጊታር ገና ባልተለመደበት ዘመን፣ የጊታር ድምፅ በጥሩንባና በከበሮ መካከል እየተዋጠ ሲያስቸግር፣ በሎስ አንጀለስ የሚኖረው የሙዚቃ መሣሪያ ሠሪ ጆን ዶፕዬራ ከስስ አሉሚኒየም የተሠሩ ሾጣጣዎችን ድምፁን እንዲያጎሉ በጊታር ውስጥ አስቀመጠ። እ.ኤ.አ. በ1927 መሸጥ የጀመሩት የመጀመሪያዎቹ ባለ ሦስት ሾጣጣ ነበሩ፤ ባለ አንዱ ቆይቶ መጣ። ፓርለር የሚባለው ደግሞ ገላው ያነሰ፣ አንገቱም አብዛኛውን ጊዜ 12ኛው ፍሬት (በአንገቱ ላይ በአግድም ከተተከሉት የብረት ሽቦዎች አንዱ) ላይ ከገላው ጋር የሚገናኝ ዓይነት ነው። ከዚህ በታች ያሉት ስህተቶች በአብዛኛው ይህን መሣሪያ እንደ ማንኛውም የእንጨት ጊታር ከመቁጠር የሚመጡ ናቸው።

ክሮቹን በሙሉ በአንድ ጊዜ ማውለቅ። ከሁሉ የከፋው ይህ ነው። በብዙዎቹ ፓርለሮች ውስጥ ሾጣጣው በሙጫ አልተጣበቀም፤ ቦታው ላይ የሚያቆየው ከላይ የሚጫነው የክሮቹ ውጥረት ብቻ ነው። በሾጣጣው አናት ላይ ቢስኪት የምትባል ክብ የእንጨት ቁራጭ አለች፤ ክሮቹ የሚያርፉት በእርሷ ላይ በተሰካው ሳድል ላይ ነው። ስድስቱም ክሮች ሲላሉ ሾጣጣው ከመቀመጫው ሊንሸራተት ወይም በቦታው ሊዞር ይችላል። አዲስ ክር ከታሰረ በኋላ ጊታሩ ይንጫጫል፤ ባዶው ክር በትክክል ተቃኝቶ እያለ 12ኛው ፍሬት ላይ ሲጫኑት ድምፁ ይዛባል። ሰውየው መቃኛውን ሲያጠብቅና ሲያላላ ይውላል፣ ጥፋቱ ግን እዚያ የለም። ስለዚህ አንዱን ክር ፈትተው፣ አዲሱን አስረው፣ ወደ ውጥረቱ ከመለሱት በኋላ ወደ ሚቀጥለው ይለፉ። ክዳኑን መክፈት ግድ ከሆነ ደግሞ ክሮቹን ከመፍታትዎ በፊት ሳድሉ ከ12ኛው ፍሬት ምን ያህል እንደሚርቅ ለክተው ይጻፉ፤ ሾጣጣውን ሲያገኙትም ጠርዙንና መቀመጫውን በእርሳስ ምልክት ያድርጉባቸው።

የክር ውፍረትን በእጅ ምቾት ብቻ መምረጥ። ለጣት የሚመች ቀጭን ክር ሾጣጣውን በቂ ጉልበት ሰጥቶ አያንቀሳቅሰውም፤ ድምፁም እንደ ቆርቆሮ ይሳሳል። በጣም ወፍራሙ ደግሞ ሾጣጣውን ቀስ በቀስ ወደ ታች ያሰምጠዋል። ከ0.012 እስከ 0.053 ኢንች ያለው ስብስብ ለብዙዎቹ ተስማሚ ነው። ክፍት ዲ እና ክፍት ጂ የሚባሉት ቅኝቶች (ክሮቹ ሳይጫኑ ሲመቱ አንድ ኮርድ የሚሰጡ) አንዳንዶቹን ክሮች ዝቅ ስለሚያደርጉ ትንሽ ወፈር ያለ ክር ይችላሉ። ክፍት ኢ እና ክፍት ኤ ግን ክሮቹን ወደ ላይ ይወጥራሉ። ክብ አንገት (ጀርባው እንደ ተራ ጊታር የተጠጋጋ) ባለው ትንሽ ጊታር ላይ ይህን ከወፍራም ክር ጋር ማዳበል አልመክርም።

ጩኸት ሲሰማ ብሎን ማጥበቅ። የክዳኑ ብሎኖች ትንንሽ ናቸው፤ ገላው እንጨት በሆነው ላይ የሚነክሱትም እንጨት ነው። ባጠበቋቸው ቁጥር ቀዳዳው ይሰፋል፣ በመጨረሻም ብሎኑ መያዝ ያቆማል። መጀመሪያ ከሳድሉ በላይ የሚያልፈውን የእጅ መደገፊያ በጣት ተጭነው ክሩን ይምቱ። ጩኸቱ ከጠፋ ምክንያቱን አገኙት። ካልጠፋ የክሮቹን መያዣ ጅራት፣ ከመቃኛው ተርፎ የተንጠለጠለውን የክር ጫፍ፣ ቀጥሎም በሳድሉ ላይ ያሉትን ጎድጓዳ መስመሮች ይመልከቱ። መስመሩ ለክሩ ከሰፋ ክሩ ውስጡ ይንቀጠቀጣል። ሾጣጣው የሚጠረጠረው እነዚህ ሁሉ ከታዩ በኋላ ነው።

በስላይድ መጫን። ስላይድ ጣት ላይ የሚጠለቅ የብርጭቆ ወይም የብረት ቱቦ ነው፤ ክሩን ነክቶ ይንሸራተታል እንጂ ወደ ፍሬቱ አይገፋውም። የሚቆመውም ጣት እንደሚቆመው ከፍሬቱ ኋላ ሳይሆን በቀጥታ ከፍሬቱ ሽቦ በላይ ነው። ከኋላው የሚተርፈውን የክር ጩኸት በሌላ ጣት ቀለል አድርገው ያፍኑት። ክሮቹ ዝቅ ብለው ስላይዱ ፍሬት የሚነካ ከሆነ ከፍ ማድረግ ይቻላል፤ ነገር ግን ሳድሉ ከፍ ባለ መጠን ሾጣጣው ላይ የሚያርፈው ጫናም ይጨምራልና በጥቂት በጥቂቱ ይሁን።

ስለ ግዢም አንድ ነገር ልበል። የተፋቀ ቀለምና የደበዘዘ ብረት ዕድሜን አያሳይም፤ ብዙዎቹ ከፋብሪካ የወጡት እንደዚያ ሆነው ነው። ገላው ከተደራረበ ስስ እንጨት መሠራቱም እንደ ሌላው ጊታር ሊያስቆጭዎ አይገባም፤ ዋናውን ድምፅ የሚያወጣው የእንጨቱ ፊት አይደለምና። ገንዘብዎ የሚገባው ሾጣጣው ላይ ነው። በርካሾቹ ላይ የሚገኘው ብዙውን ጊዜ በማተሚያ ተጨፍልቆ የተሠራ ወፈር ያለ ሾጣጣ ነው፤ በማሽን እየተሽከረከረ በተሠራ ስስ ሾጣጣ ሲተካ ድምፁ በግልጽ ይለወጣል። መተኪያውን ከማዘዝዎ በፊት ግን የራስዎን ይለኩ፦ የቢስኪቱ ዓይነት አብዛኛውን ጊዜ 9.5 ኢንች፣ ሸረሪት የሚመስል ባለ ስምንት እግር ብረት የሚቀመጥበት ደግሞ 10.5 ኢንች ነው፤ አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም።