ከስፓሪንግ በኋላ፦ ከመጨረሻው ደወል እስከ ማግስቱ ማታ

በስፓሪንግ፣ ማለትም ከጓደኛ ጋር በሚደረግ የልምምድ ፍልሚያ፣ የመጨረሻው ራውንድ ደወል ሲመታ ቦክሰኛ ሁሉ «ደህና ነኝ» ይላል። ይህችን ቃል እንደ ሰላምታ ቁጠሯት። የተመታ ጭንቅላት ራሱን መመርመር ስለማይችል የሌላ ሰው ዓይን ያስፈልገዋል።

መጀመሪያ ግን አትቀመጡ። ጓንቱንና የራስ መከላከያውን አውልቃችሁ አምስት ደቂቃ ያህል ቀስ ብላችሁ ተራመዱ። ከሦስት አራት ራውንድ በኋላ ድንገት አግዳሚ ወንበር ላይ የሚዘረፈጥ ሰው ደሙ እግሩ ላይ ይቀርና ያዞረዋል፤ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ባለ ከተማ ደግሞ ትንፋሽ ቶሎ አይመለስም። ይህኛው ማዞር በደቂቃዎች ያልፋል፤ ቡጢ ያመጣው ግን ትንፋሽ ከተመለሰ በኋላም አይለቅም። ሁለቱ እንዳይምታቱባችሁ ነው መራመዱ።

ከዚያ አሠልጣኙ ወይም ልምድ ያለው ጓደኛ ይጠይቅ፦ ስንት ራውንድ ሠራህ? የመጨረሻውን ከማን ጋር? ባለፈው ስፓሪንግ ማን ገጠመህ? ቀጥሎ ወራትን ወደ ኋላ ያስቆጥረው፤ ጳጉሜ፣ ነሐሴ፣ ሐምሌ፣ ሰኔ እያለ እስከ መስከረም። ብዙ ሰው ሚያዝያና መጋቢት ላይ ሲደርስ ጤነኛ ሆኖም ይደናቀፋል። ስለዚህ ሳትመቱ በፊት፣ በእረፍት ቀን አንድ ጊዜ ቆጥራችሁ የፈጀውን ሰከንድና የተሳሳታችሁበትን ወር ስልካችሁ ላይ መዝግቡት፤ ያለ መነሻ የሚደረግ ምርመራ ግምት ብቻ ነው። በመጨረሻ ጫማውን አውልቆ፣ የአንዱን እግር ተረከዝ ከሌላው ጣት ጋር አገናኝቶ፣ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ 20 ሰከንድ ይቁም። ትንሽ መወዛወዝ ያለ ነው፤ ከወትሮው በላይ ከቆመበት እየወጣ ከሆነ ግን ልብ በሉ።

ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ የደበዘዘ እይታ፣ ብርሃን መጥላት፣ የዘገየ መልስ፣ ያለ ወትሮው መነጫነጭ፤ ከእነዚህ አንዱ ከታየ የዚያ ቀን ልምምድ እዚያው አበቃ። ልጁ ከፒያሳም ሆነ ከካዛንቺስ ብቻውን ሚኒባስ ተሳፍሮ አይሂድ፤ ሞተርም መኪናም አይንዳ። ምልክቱ ከሰዓታት በኋላ ሊመጣ ስለሚችል ለቤተሰቡ ደውላችሁ ንገሩ። «እንዳይተኛ ጠብቁት» የሚባለው የድሮ ምክር ነው፤ የአደጋ ምልክት ከሌለው ይተኛ፣ ብቻ አጠገቡ ሰው ይኑር።

እየባሰ የሚሄድ ራስ ምታት፣ ተደጋጋሚ ትውከት፣ የሁለቱ ዓይን ብሌኖች መበላለጥ፣ ማንቀጥቀጥ፣ የአንድ ወገን መዛል፣ የሚኮላተፍ ንግግር፣ ራስን መሳት ወይም ሲቀሰቅሱት አለመንቃት ከታየ ቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው። መሃል ከተማ ላይ ላለ ሰው ጥቁር አንበሳና ዘውዲቱ ቅርብ ናቸው፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። አንድ ነገር ግን እወቁ፦ ሲቲ ስካን የሚያሳየው ደም መፍሰስንና ስብራትን ነው። «ሲቲው ንጹህ ነው» ተብሎ የተሰጠ ወረቀት የአንጎል መናወጥ የለም አይልም፤ ወደ ሪንግ መመለሻ ፈቃድም አይሆንም።

ስለ ኪኒን፦ ጭንቅላት ከተመታ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ዳይክሎፍናክ፣ አይቡፕሮፌንና አስፕሪን አትውሰዱ፤ ደም መፍሰስ ካለ ያባብሳሉ። ጉበቱ ጤነኛ የሆነ አዋቂ ፓራሲታሞል ከ500 ሚሊግራም እስከ 1 ግራም፣ በየስድስት ሰዓቱ መውሰድ ይችላል። ከስፓሪንግ በፊት ማስታገሻ መዋጥ ደግሞ የከፋ ልማድ ነው፤ የማታውን ምልክት ይደብቃል። ቢራና ጫትም እንዲሁ።

አፍንጫ ሲደማ አንገታችሁን ወደ ኋላ አትጣሉ፤ ደሙን ትውጡትና ያስመልሳችኋል። ወደ ፊት ጎንበስ ብላችሁ ለስላሳውን ክፍል 10 ደቂቃ ሳትለቁ ጨብጡ። ዓይን ሥር ከተመታችሁና ካበጠ አትናፈጡ፤ አጥንቱ ተሰንጥቆ ከሆነ አየር በስንጥቁ ይገባና ዓይኑ ይዘጋል። እብጠት ላይ በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ለ15 ደቂቃ ያዙ፣ አንሱ፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ ድገሙት። የተሰነጠቀ ቅንድብ በንጹህ ውኃ ታጥቦ 10 ደቂቃ ይጫኑት፤ የቁስሉ አፍ ከተከፈተ በዚያው ቀን ይሰፋ። ሆድና ጎን ተመትታችሁ ሽንታችሁ ከቀላ ግን ሐኪም ዘንድ ሂዱ።

እጅን ብዙ ሰው ይንቃል። ፋሻውን ፈትታችሁ አውራ ጣታችሁን ወደ ላይ ስትዘረጉ ከሥሩ፣ አንጓው ላይ ጎድጎድ የምትል ቦታ አለች። እሷን ስትጫኑ ከጠዘጠዘች ስብራት ሊሆን ይችላል፤ ይህ አጥንት በመጀመሪያው ቀን ራጅ ላይ ላይታይ ስለሚችል እጁ ታስሮ ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ራጁ እንደገና ይነሳል።

ከስፓሪንግ በፊትና በኋላ ተመዘኑ። ለቀነሰው ለእያንዳንዱ ኪሎ አንድ ሊትር ተኩል ያህል ፈሳሽ በሁለት ሦስት ሰዓት ውስጥ እየተጎነጫችሁ ተኩ፤ ባዶ ውኃ ብቻ ሳይሆን ጨው ያለበት ነገርም አክሉበት። ጨው ጣል የተደረገበት የበሶ ብጥብጥ ለዚህ የተፈጠረ ይመስላል። ከዚያ እንቁላል፤ በጾም ሽሮ ወይም ምስር፣ ኦቾሎኒ ተጨምሮ። እስከ 9 ሰዓት የምትጾሙ ስፓሪንጉን ከዚያ በኋላና ጠጥታችሁ አድርጉት፤ የተጠማ አካል ላይ የሚያርፍ ቡጢ ዋጋው ከባድ ነው።

ፍልውሃ ወይም ስቲም? በዚያ ቀን አይሆንም። ሙቀት የደም ሥሮችን ያሰፋና እብጠቱን ይጨምራል፤ በላብ ያጣችሁት ውኃ ሳይተካ ሌላ ላብ ማውጣትም ነው። ከሁለት ቀን በኋላ ራሳችሁን ካላመማችሁ ለጠጠረ ጡንቻ መልካም ነው።

ምልክት የነበረው ሰው ከ24 እስከ 48 ሰዓት ያርፋል፣ ስልክ ላይም አያፈጥም። ከዚያ እርምጃ፣ ቀላል ሩጫ፣ ገመድ መዝለልና የጥላ ቡጢ (ያለ ተጋጣሚ አየር ላይ መሰንዘር)፣ ከረጢት መምታት፤ በየደረጃው ቢያንስ አንድ ቀን፤ ምልክቱ ከተባባሰ አንድ ደረጃ ወደ ኋላ። ስፓሪንግ በሐኪም ፈቃድ ብቻ ነው፤ ኖክአውት የሆነ ደግሞ ቢሻለውም ቢያንስ 30 ቀን ይቆያል፤ ያልዳነ አንጎል ላይ የሚያርፍ ሁለተኛ ምት ቀላል ቢሆን እንኳ ገዳይ እብጠት ሊያስከትል ይችላል።

ምልክት ያልታየባችሁም ማግስቱን ማታ ስልካችሁን ክፈቱና ከጳጉሜ ጀምራችሁ እንደገና ቁጠሩ። ከተመዘገበው ሰከንድ በጣም ከዘገያችሁ ለአሠልጣኛችሁ ደውሉ።