ለጥምቀት ጎንደር ገብታችሁ ድፎ ዳቦ ልትደፉ ላሰባችሁ

ከዱቄቱ በፊት ቲኬቱ ይቀድማል። ጥምቀት ጥር 11 ነው። ውጭ አገር ላላችሁ ጃንዋሪ 19 ማለት ነው፤ አንዳንድ ዓመት ግን 20 ላይ ይውላል፤ ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት አረጋግጡ። ብዙ ሰው የሚመጣው ለከተራ ነው፤ ጥር 10 ጠዋት ደርሶ ከሰዓት ታቦት ያጅባል። ዳቦ ልደፋ ለሚል ሰው ይሄ አይሆንም። ሊጥ ማደር አለበት። ጥር 8 ግቡ፤ ቢዘገይ ቢዘገይ 9 ጠዋት።

በአውሮፕላን ከአዲስ አበባ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። አዘዞ፣ አፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ ትወርዳላችሁ። በመኪና ደግሞ በባሕር ዳር በኩል ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ የዓባይን በረሃ ወርዶ መውጣትም አለ። የመንገዱን ነገር ከመነሳታችሁ በፊት በቅርቡ ከተመላለሰ ሾፌር ጠይቁ። ዘመድ «ኑ እንጂ፣ ምንም የለም» ካላችሁ በናፍቆት ነው።

ዱቄት ተሸክማችሁ አትምጡ። ደረቅ እርሾ ግን ያዙ፤ በበዓል ሰሞን ሱቁ ሁሉ ነገ ይመጣል ነው የሚላችሁ። የቀረውን ቅዳሜ ገበያ ታገኛላችሁ። በበዓል ዋዜማ ቅዳሜን የሚጠብቅ የለም፤ ሰዉ በየቀኑ እንደጎረፈ ነው። በጠዋት ሂዱና አንድ ኪሎ ተኩል ፉርኖ ዱቄት፣ ግማሽ ኪሎ ወፍጮ ቤት የተፈጨ የአገር ስንዴ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ድንብላል፣ ጥቂት ኮረሪማ ግዙ። ፉርኖ ብቻውን ይነፋል እንጂ ጣዕም የለውም። የአገር ስንዴ ብቻውን ደግሞ ይከብዳል። እኔ ሁለቱን መቀላቀል እመርጣለሁ፤ አክስቴ በዚህ አትስማማም።

ኮባውን በመጨረሻ አትተዉት። ለእኔ የዚህ ዳቦ ግማሹ ነገር ኮባ ነው። በልጅነቴ ቤታችን ጓሮ ኮባ አልነበረም። ስለዚህ በበዓል ዋዜማ የእኔ ሥራ ጎረቤት ሄዶ መለመን ነበር። አያቴ እምዬ ከበር ላይ ሆና «የተቀደደ እንዳታመጣ!» ትለኝ ነበር። የተቀደደ ቅጠል ሊጡን ያፈሳል፤ ሊጡ ምጣዱን ይነካል፤ ያርራል። ዛሬም ስትመርጡ ሰፊውን፣ ለጋውን፣ ንፋስ ያልተለተለውን ፈልጉ። ለአንድ ዳቦ አምስት ስድስት ቅጠል ይበቃል። ሁለት ጨምሩበት፤ አንዱ እጃችሁ ላይ መቀደዱ አይቀርም።

ጥር 9 ማታ፣ ከእራት በኋላ፣ ግማሽ ኪሎውን የአገር ስንዴ በግማሽ ሊትር ለብ ያለ ውሃና በአንድ የሻይ ማንኪያ እርሾ በጥብጡት። እምዬ እርሾ በፓኬት አታውቅም ነበር፤ ከጠላው ድፍድፍ ጨለፍ አድርጋ ነው የምትጨምረው። ቤት ውስጥ ጠላ ከተጠመቀ ሞክሩት፤ ኮምጠጥ ያለ ጣዕም ይሰጠዋል። የጥር ሌሊት ጎንደር ላይ ይበርዳል። ከተማው ከባሕር ወለል ከ2,100 ሜትር በላይ ነው። ቡሃቃውን ክደኑና በጋቢ ጠቅልላችሁ ምድጃው አጠገብ አሳድሩት።

ጠዋት 12 ሰዓት ተነሱ። ያደረው አረፋ አውጥቶ ጠላ ጠላ መሽተት አለበት። ፉርኖውን ጨምሩ። አንድ የሾርባ ማንኪያ እርሾ፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ጨው፣ ሁለት ማንኪያ ማር፣ አንድ የቡና ሲኒ ዘይት፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ጥቁር አዝሙድ፣ ያንኑ ያህል የተፈጨ ድንብላል፣ የሻይ ማንኪያ ኮረሪማ። ከዚያ ሦስት ሩብ ሊትር ለብ ያለ ውሃ በጥቂት በጥቂቱ። ዱቄት ከዱቄት ይለያል፤ አንዳንዱ ጨመር አድርጉልኝ ይላል። ጥር 10 ገሃድ ነው፤ ይጾማል። ወተትም ቅቤም እንቁላልም ሊጡ ውስጥ አይገባም። ለነገሩ ባይጾምም አያስፈልገውም።

አቡኩት። የድፎ ሊጥ እንደ ሱቅ ዳቦ ሊጥ ጠንካራ አይደለም፤ ለስለስ ብሎ እጅ ላይ ይጣበቃል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይደነግጥና ዱቄት ይነሰንስበታል። አትነስንሱ። እጃችሁን ዘይት ቀቡና ቀጥሉ። ሩብ ሰዓት ያህል ሲታሽ ራሱ ከቡሃቃው ይላቀቃል። ያለፈው ዓመት እጄን ሊጥ ውስጥ ስነክር አክስቴ «አንተ ደግሞ! እንግዳ ነህ፣ አርፈህ ተቀመጥ» አለችኝ። ወንድ ልጅ ሲያቦካ ማየት አልወደደችም። ዳቦው ከወጣ በኋላ ግን ለጎረቤት «እሱ ነው የደፋው» ብላ የቆረሰችው ራሷ ናት።

ክደኑትና ኩፍ እስኪል ጠብቁ፤ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ቢበርድ ሁለት። በጣታችሁ ጫን ስታደርጉት ጉድጓዱ በዝግታ ከተመለሰ ደርሷል። ቶሎ ከተመለሰ ገና ነው። ጭራሽ ካልተመለሰ አልፎበታል፤ ፈጥናችሁ ወደ ምጣድ።

ሊጡ ኩፍ እስኪል ኮባውን አዘጋጁ። በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት። ወፍራሙን አንጓ በቢላ ላጡት። ከዚያ እያንዳንዱን ቅጠል ከእሳቱ በላይ ፈጠን አድርጋችሁ አሳልፉት። አረንጓዴው ድንገት ይጠቁራል፣ ያብረቀርቃል፣ እንደ ጨርቅ ይተጣጠፋል። ያኔ ከታጠፈ አይሰበርም። ሽታው የሚነሳውም እዚህ ላይ ነው። እኔን አምስት ዓመት ልጅ የሚያደርገኝ ዳቦው ሳይሆን ይሄ የቅጠል ጭስ ነው።

ቅጠሎቹን ምጣዱ ላይ ጫፍ በጫፍ አደራርባችሁ አንጥፉ፤ ጠርዛቸው ወደ ውጭ ይትረፍ። ዘይት ቀቡ። ሊጡን ገልብጡበት፤ በእርጥብ እጅ አስተካክሉት። እምዬ በዚህ ሰዓት በስመ አብ ብላ በእጇ ጠርዝ መስቀል ታደርግበት ነበር። ከሊጡም ቆንጠር አድርጋ ለእኛ ለልጆች ትንንሽ ዳቦ ታስተርፋለች። እናንተም አስተርፉ፤ በገሃድ ልጅ ምጣድ ዙሪያ ሲንቆራጠጥ ዝም ብሎ ማየት ከባድ ነው። የተረፈውን ጠርዝ ወደ ውስጥ አጥፉት፤ ከላይ ሌላ ኮባ አልብሱት። ግማሽ ሰዓት ይረፍ።

አሁን እሳት። በእንጨት ከሆነ ነበልባል አያስፈልግም፤ ፍም ነው የሚፈለገው። ከታች ለዘብ ያለ ፍም፣ ከላይ ቆርቆሮ ወይም የብረት ክዳን ተደፍቶበት ሌላ ፍም። የላዩ ከታቹ በዛ ማለት አለበት። በዚህ መልክ ከአንድ ሰዓት ትንሽ ያልፋል። በኤሌክትሪክ ምጣድ ከሆነ ሙቀቱ ከታች ብቻ ነው፤ አርባ ደቂቃ ካለፈው በኋላ ሰፌድ ደፍታችሁ ገልብጡትና ግማሽ ሰዓት ጨምሩ። ኦቨን ያለው 180 ዲግሪ ላይ አንድ ሰዓት ያቆየው። ለሁሉም ከሰል በጓሮ አዘጋጁ። በበዓል ዋዜማ ሰፈሩ ሁሉ ምጣድ ሲሰካ መብራት መሄዱ አዲስ ነገር አይደለም።

መብሰሉን ለማወቅ ንጹሕ ስንጥር መሃሉን ውጉ፤ ሊጥ ይዞ ካልወጣ ደርሷል። ሥሩን በጣት ስትመቱትም ባዶ ቤት እንደሚንኳኳ ይሰማል።

እንዲህ ከሄደ 5 ሰዓት ገደማ ዳቦው ሰፌድ ላይ ነው። ኮባውን ሳትልጡ በንጹሕ ነጠላ ሸፍኑና ተዉት። ለብሳችሁ ውጡ። ከሰዓት ታቦታቱ ወደ ፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕር ይወርዳሉ፤ ገንዳው አስቀድሞ ከቀሃ ወንዝ በሚመጣ ውሃ ተሞልቶ ይጠብቃል። ከፒያሳ ወደዚያ በባጃጅ እሄዳለሁ ማለት ከንቱ ነው፤ በእግር ውረዱ። ጥምቀት በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተመዘገበ በዓል ነው፤ የሚመጣው እንግዳ የትየለሌ ነው። ሆቴል ያሰባችሁ ካላችሁ ከወራት በፊት ያዙ፤ ዘመድ ቤት የምታርፉ ደግሞ ፍራሽ መሬት ላይ እንደሚነጠፍላችሁ ዕወቁ።

ጥር 11 ጠዋት ጸበሉን ተረጭታችሁ ስትመለሱ ነው የሚቆረሰው። ከቤቱ ትልቅ ሰው ይባርክ። አባቴ ካለፈ ወዲህ የሚቆርሰው አጎቴ ነው፤ እሱ ደግሞ ምርቃቱ ረጅም ነው፤ ወጡ እስኪቀዘቅዝ ይመርቃል። የጥር 12ቱን ታቦት፣ ቅዱስ ሚካኤልን፣ ለማጀብ ለሚሄዱትም ቁራሽ አስቀምጡ።

ስትመለሱ ዘመድ ሩብ ዳቦ ሳያስይዝ አይለቃችሁም። እንቢ አትበሉ። በፌስታል ግን አታሽጉት፤ ያልበዋል፣ ሻጋታ ይይዘዋል። በደንብ ከቀዘቀዘ በኋላ በጨርቅ ጠቅልሉት። ቤት ስትደርሱ ቆራርጣችሁ ፍሪዘር ውስጥ አስገቡ፤ በፈለጋችሁ ጊዜ ምጣድ ላይ ጣል አድርጋችሁ በሻይ ብሉት።