የናንታኬቱ ፒም፦ ፍርሃትንና ነፍስ ማዳንን አንድ ላይ ማንበብ

አሜሪካዊው ደራሲ ኤድጋር አላን ፖ ጽፎ የጨረሰው ረጅም ልብ ወለድ አንድ ብቻ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1838 ኒው ዮርክ ላይ የታተመው የአርተር ጎርደን ፒም የባሕር ታሪክ። ለንባብ ክበብ ወይም ለሥነ ጽሑፍ ጥናት ከያዛችሁት አስፈሪ ትዕይንቶችን ለብቻ፣ የመትረፍ ትዕይንቶችን ለብቻ አትዘርዝሩ። ሁለቱ ዝርዝሮች አንድ ሆነው ያርፋሉ፤ ፒምን የሚያስጨንቀው ያዳነው ነገር ራሱ ነውና።

ስለዚህ አንድ ገጽ በሦስት ዓምድ ክፈሉ፦ ያዳነው ነገር፣ እንዴት እንደተገለበጠ፣ ፒም እውነቱን መቼ እንዳወቀ። ሦስተኛውን ዓምድ ብዙዎች ይዘሉታል፤ የፖ ብልሃት ያለው ግን እዚያ ነው።

መግቢያውን ሳትዘሉ ጀምሩ። ልብ ወለዱን እውነተኛ የጉዞ ማስታወሻ አስመስሎ የሚያቀርበው እሱ ነው። ቀጥሎ ምዕራፍ 2 እና 3ን በዝግታ አንብቡ። ፒም በጓደኛው በአውገስተስ እርዳታ ግራምፐስ በተባለው የዓሣ ነባሪ አዳኝ መርከብ የዕቃ ክፍል፣ ሣጥን ውስጥ ተደብቋል። ላይ አመፅ ተነሥቶ የሚያወጣው ሲያጣ መደበቂያው መቃብር ይሆናል፤ ሥጋው ይበሰብሳል፣ ውሃው ያልቃል፣ ታማኝ ውሻው ታይገር በጥም አብዶ አንገቱን ሊነክሰው ይዘልበታል። የአውገስተስ ማስጠንቀቂያ ሲደርሰው ወረቀቱን በፎስፈረስ ጭላንጭል ያየዋል፤ ባዶ ነው። ተናድዶ ይቀደዋል። ጀርባውን አለማየቱ ትዝ የሚለው በኋላ ነው፤ ቁርጥራጩን ከጨለማው ለቅሞ የሚያመጣለትም ውሻው ነው። ይህን በሦስተኛው ዓምድ አስፍሩት።

ምዕራፍ 8 ላይ ፒም የሞተ መርከበኛ መስሎ አመፀኞቹን ያስደነግጣል፤ በዚህ መጽሐፍ ፍርሃት የሚያተርፍበት ጊዜም አለ። ምዕራፍ 10 ላይ ደግሞ ፒምና ጓዶቹ ትታደገናለች ያሏት መርከብ ስትቀርብ ጭነቷ ሬሳ ብቻ ነው። «ራሱን እየነቀነቀ» ያጽናናቸው የመሰለው ሰው ጀርባውን የባሕር ወፍ እየበላው ነበር።

ከሁሉም በላይ ጊዜ የምትሰጡት ለምዕራፍ 11 እስከ 13 ነው። አራት ሰዎች (ፒም፣ አውገስተስ፣ ዲርክ ፒተርስና ሪቻርድ ፓርከር) በውሃ በተሞላው ግራምፐስ ላይ ተርበዋል። አንዱ ይሙት የሚለውን ሐሳብ ያነሣው ሪቻርድ ፓርከር ነው። ዕጣ ይወጣል፤ አጭሩን ስንጥር ያወጣ ይሞታል። ስንጥሮቹን የሚይዘው ፒም ነው፤ አውገስተስና ዲርክ ፒተርስ ረጅሙን አውጥተው ሲያመልጡ ፒምና ፓርከር ብቻ ይቀራሉ። አጭሩ ለፓርከር ይደርሰዋል። አራት ቀን በሥጋው ከኖሩ በኋላ ፒም መጥረቢያ ያስቀመጠበት ቦታ ትዝ ይለዋል። ወለሉን ሰብረው ከስንቅ ክፍሉ ወይራ፣ ወይንና አንገቷ ሥር ውሃ የቋጠረች ኤሊ ያወጣሉ። የውይይታችሁ ዋና ጥያቄ እዚህ ነው፦ መጥረቢያው ትንሽ ቀደም ብሎ ቢታወስስ? ፖ ጥያቄውን አንሥቶ አይመልስም፤ ዝም ብሎ ያልፋል። ዝምታው ከግድያው ይልቅ ይከብዳል።

ከምዕራፍ 14 እስከ 17 ያለውን፣ ጄን ጋይ የተባለችው መርከብ ካነሣቻቸው በኋላ ያለውን፣ ፈጠን ብላችሁ እለፉት፤ አብዛኛው የአሰሳ ታሪክና የወፍ ገለጻ ነው።

መርከቧ በምትደርስበት ጻላል ደሴት (ምዕራፍ 18 እስከ 25) ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ነዋሪዎቹ እስከ ጥርሳቸው ጥቁር ሆነው፣ ከዳተኛ ተደርገው ተሥለዋል። ይህ ፍርሃት ከባሕሩ የመጣ አይደለም፤ ባርነት ሕጋዊ በሆነበት አሜሪካ የተጻፈ የነጭ ፍርሃት ነው። አሜሪካዊቷ ደራሲ ቶኒ ሞሪሰን እ.ኤ.አ. በ1992 ባሳተመችው የሒስ መጽሐፍ፣ በፖ ልብ ወለድ መጨረሻ ላይ የሚመጣውን ነጭ ምስል ከዚሁ ጋር አያይዛ አንብባዋለች። ይህን ዘልሎ ስለ «ምሥጢራዊ ደሴት» ብቻ ማውራት ንባቡን ያጎድላል።

ሁለት ነገር እንዳያደናግራችሁ። ታይገር ከአመፁ በኋላ ያለ ማብራሪያ ይጠፋል፤ ገጽ አልዘለላችሁም፣ ስፌቱ ነው የላላው። የመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ከመጽሐፉ ቀድመው እ.ኤ.አ. በ1837 በመጽሔት የወጡ ናቸውና። ሁለተኛው፣ እ.ኤ.አ. በ1884 ሚኞኔት ከተባለች ጀልባ የተረፉ ሰዎች ሪቻርድ ፓርከር የሚባል ወጣት መርከበኛ ገድለው በልተዋል። ስሙ መገጣጠሙ ያስገርማል እንጂ ስለ ልብ ወለዱ የሚያስረዳው ነገር የለም። ለንጽጽር የሚጠቅመው ፍርዱ ነው፦ የእንግሊዝ ፍርድ ቤት ረሃብ ለግድያ መከላከያ አይሆንም ብሎ ሞት ፈረደ፤ ቅጣቱም ወደ ስድስት ወር እስራት ተቀየረ። በሚኞኔት ላይ ዕጣ አልወጣም፤ በፖ ልብ ወለድ ወጥቷል። ክበባችሁ ዕጣው ግድያውን ያቀለዋል ወይስ አያቀለውም በሚለው ላይ ይከራከር።