ኮቪድ ተገኘብኝ፤ ፀረ ቫይረሱን ልውሰድ ወይስ ይቅርብኝ?

ሐዋሳ ውስጥ ትኩሳት የጀመረው ሰው መጀመሪያ የሚጠራው ኮቪድን አይደለም። «ምች ነው» ይላል፤ ዳማከሴ ታሽቶለት ይጠጣል፤ ላብ እስኪያሰምጠው ተሸፋፍኖ ይተኛል። በማግስቱ ካልተሻለው ወባ ይባላል፤ ቀጥሎ ታይፎይድ። በአራተኛው ቀን ሲመረመር ኮቪድ ሆኖ ይገኛል። ይህ መዘግየት ወጣትና ጤነኛ የሆነውን ሰው ብዙም አይጎዳውም። ስኳር ያለባቸው የ70 ዓመት እናት ግን መድኃኒቱን መጀመር ከሚችሉባቸው ጥቂት ቀናት አብዛኛውን አጥተዋል።

ውሳኔው በሦስት ጥያቄዎች ላይ ይቆማል። ሕመሙ ከጀመረ ስንት ቀን ሆነው? በሽታው ሊጠናብዎት የሚችል ሰው ነዎት? ሌላስ ምን መድኃኒት ይወስዳሉ? የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ብዙ ሰው ይመልሳቸዋል። ጉዳት የሚመጣው በሦስተኛው ነው፤ እዚህም ሰፋ ያለው ቦታ ለእሱ የተተወ ነው።

መጀመሪያ ምርመራ

በአፍንጫ የሚወሰደው ፈጣን ምርመራ በደቂቃዎች ውስጥ ውጤት ይሰጣል። ፖዘቲቭ ካለ በቂ ነው። ኔጌቲቭ ሆኖ ምልክቱ ከቀጠለ ግን ከ48 ሰዓት በኋላ ይደገም፤ በመጀመሪያው ቀን ቫይረሱ ገና ስላልበዛ ምርመራው ሊያመልጠው ይችላል።

ሐዋሳም አዳማም ወባ ያለባቸው ከተሞች ናቸው። ስለዚህ ኮቪድ ተገኘ ተብሎ የወባ የደም ምርመራ አይዘለል፤ ሁለቱ አንድ ሰው ላይ አብረው ሊገኙ ይችላሉ።

ቀኑን በትክክል ይቁጠሩ

በዋናነት የሚታዘዘው ፓክስሎቪድ ነው፤ ኒርማትረልቪርና ሪቶናቪር የተባሉ ሁለት መድኃኒቶች አንድ ላይ ማለት ነው። ምልክት በታየ በ5 ቀን ውስጥ መጀመር አለበት። ቫይረሱ በብዛት የሚራባው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው፤ ከዚያ በኋላ ሳንባን በአብዛኛው የሚጎዳው ሰውነት ራሱ የሚያስነሳው ብግነት ስለሆነ የቫይረሱን መራባት ማገድ ጥቅሙ እያነሰ ይሄዳል።

ቆጠራው ከተመረመሩበት ቀን አይጀምርም። ጉሮሮ ከከረከረበት፣ ቁርጥማቱ ከመጣበት ቀን ነው የሚጀምረው። «ምች መታኝ» ብለው የተኙበት ቀንም ይቆጠራል። ሰው «መቼ ጀመረህ?» ሲባል የባሰበትን ቀን ነው የሚናገረው፤ በዚህም አንድ ሁለት ቀን ይጠፋል። ስለዚህ አዛውንት ሲጠይቁ በነገር ያስታውሷቸው፦ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ጉሮሮዎን አሞዎት ነበር? ሰኞ ቡና ሲጠጡ ጣዕሙ ይታወቅዎት ነበር? መልሱን ጽፈው ለሐኪሙ ይስጡ።

ያስፈልግዎታል ወይ?

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባሻሻለው መመሪያ ሕመሙ ገና ያልጠናባቸውን ሰዎች በሦስት ይከፍላል። የበሽታ መከላከል አቅማቸው በሕመም ወይም በመድኃኒት የተዳከመ ሰዎች ከ100 ወደ 6 የሚሆኑት ሆስፒታል ለመተኛት ይደርሳሉ። ከ65 ዓመት በላይ የሆኑ፣ ስኳር፣ ከመጠን ያለፈ ውፍረት፣ ሥር የሰደደ የሳንባ፣ የልብ፣ የኩላሊት ወይም የጉበት ሕመም ወይም ካንሰር ያለባቸው ከ100 ወደ 3 ናቸው። ከነዚህ ውጪ ያለው ሰው ከ200 አንድ ነው። ፓክስሎቪድ የሚመከረው ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ቡድኖች ነው።

መድኃኒቱን የሚደግፈው ትልቁ ጥናት የተካሄደው እ.ኤ.አ. በ2021 ነበር። የተሳተፉት ያልተከተቡና ለጽኑ ሕመም የተጋለጡ ሰዎች ሲሆኑ፣ ሆስፒታል መተኛትንና ሞትን ከአሥር እጅ ዘጠኝ እጅ ያህሉን ቀንሷል። ተጋላጭ ባልሆኑና ተከትበውም ተጋላጭነት ባላቸው ሰዎች ላይ በተደረገው ሌላ ጥናት ግን መድኃኒቱን የወሰዱት ከምልክታቸው የተገላገሉት በ12 ቀን፣ ያልወሰዱት በ13 ቀን ነው፤ ልዩነት አለ የሚያሰኝ አይደለም። ስለዚህ የ30 ዓመት ጤነኛ ሰው «ለጥንቃቄ» ብሎ ቢውጠው የሚያተርፈው የጎንዮሽ ችግሩን ነው። ይቅርበት።

ነፍሰ ጡር የሆነች ሴት ተጋላጭ ናት፤ ሐኪሟ ጋር ሳትውል ሳታድር ትነጋገር። ከ12 ዓመት በታች የሆኑና ከ40 ኪሎ በታች የሚመዝኑ ልጆች ግን ይህን መድኃኒት ከቤት ሳጥን አውጥተው ሊሰጧቸው አይገባም።

የሚወስዱትን ሁሉ በፌስታል ይዘው ይሂዱ

ሪቶናቪር ቫይረሱን አይገድልም። ሥራው ጉበት ኒርማትረልቪርን ቶሎ ሰባብሮ እንዳያስወግደው ማዘግየት ነው። ችግሩ፣ ጉበት በዚያው ኢንዛይም (መድኃኒትን በሚሰባብረው የሰውነት ንጥረ ነገር) የሚያስወግዳቸው ሌሎች ብዙ መድኃኒቶች መኖራቸው ነው። መውጫው ሲጠብ እነሱም ደም ውስጥ ይከማቻሉ፤ ለዓመታት የተስማማዎት መጠን በሁለት ቀን ውስጥ ከመጠን ያለፈ ይሆናል።

«የደም ግፊት ክኒን እወስዳለሁ» ማለት አይበቃም። ፋርማሲ ቆጥሮ በወረቀት ፖስታ የሰጣቸውን «ነጯን» እና «ቢጫዋን» ክኒን በስም የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው። ማሸጊያውን፣ ፖስታውን፣ የክትትል ካርዱን፣ የዓይን ጠብታውንና የሚነፋውን የአስም መድኃኒት ሳይቀር በፌስታል ይዘው ለፋርማሲስቱ ጠረጴዛ ላይ ያፍስሱለት።

ከግፊት መድኃኒቶች ኢናላፕሪልና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ችግር አይፈጥሩም። አምሎዲፒንና ኒፌዲፒን ግን መጠናቸው ደም ውስጥ ይጨምራል፤ ግፊት ይወርዳል፣ ሲነሱ ያዞራል፣ እግር ያብጣል። ሐኪም ብዙውን ጊዜ የአምሎዲፒንን መጠን በግማሽ ቀንሶ ግፊቱን ይከታተላል። በራስዎ አያቁሙት።

የኮሌስትሮል መድኃኒት ከሆነ ሲምቫስታቲን ከፓክስሎቪድ ጋር ፈጽሞ አይወሰድም፤ ጡንቻን እስከ መሰባበርና ኩላሊትን እስከ መጉዳት ያደርሳል። ቢያንስ ከ12 ሰዓት በፊት ቆሞ፣ ሕክምናው ካለቀ በኋላም 5 ቀን ይቆያል። አቶርቫስታቲንም አብዛኛውን ጊዜ ለሕክምናው ቀናት ይቋረጣል። ለጥቂት ቀናት ያለ ስታቲን መቆየት የሚያስፈራ ነገር አይደለም።

በተቃራኒው ኢንዛይሙን አነቃቅተው ፓክስሎቪድን ከንቱ የሚያደርጉ አሉ። ዋነኛው የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የሆነው ሪፋምፒሲን ነው። ሽንትን ብርቱካናማ የሚያደርገው እሱ ነው፤ ስሙን ያልያዘ ታካሚ በዚህ ያውቀዋል። ለሚጥል በሽታ የሚሰጡት ፌኖባርቢታል፣ ፌኒቶይንና ካርባማዜፒንም እንደዚሁ ናቸው። እነዚህን ለአምስት ቀን አቁሞ ፓክስሎቪድ መውሰድ መፍትሔ አይደለም፤ ኢንዛይሙ ወደ ቀድሞው ለመመለስ ሁለት ሳምንት ያህል ይፈልጋል፤ ነቀርሳውም ሆነ የሚጥለው በሽታ መድኃኒቱ ሲቋረጥ ይነሳል። ለነዚህ ሰዎች ሌላ ፀረ ቫይረስ ነው የሚታሰበው።

ዋርፋሪን የሚወስዱ የልብ ታማሚዎች የደም መቅጠን ምርመራቸው ሊደገም ይገባል። ዲጎክሲን የተባለው የልብ መድኃኒት ይከማቻል። የልብ ምት ማስተካከያው አሚዮዳሮን ጨርሶ አብሮ አይሄድም። ለአስም ሳልቡታሞል ምንም አይደለም፤ ሳልሜተሮል ግን ይቆማል። ማረጋጊያዎቹ ዲያዜፓምና አልፕራዞላም ከባድ እንቅልፍ ያመጣሉ። የወባ መድኃኒቱ ኮአርተም ውስጥ ያለው ሉሜፋንትሪንም ይጨምራል፤ ሁለቱ ሕመሞች አብረው ከተገኙ የወባው ሕክምና ሳይዘገይ ሐኪሙ የልብ ምቱን እያየ ይወስናል። ሜትፎርሚንና ኢንሱሊን አይነኩም። የእርግዝና መከላከያ ክኒን የምትወስድ ሴት የወር አበባ ዑደቷ አንድ ጊዜ እስኪዞር ኮንዶም ትጨምር፤ ክኒኑ ሊደክም ይችላል።

ስለ ኤችአይቪ ለብቻው መናገር ያስፈልጋል፤ ብዙ ሰው የሚደብቀው እዚህ ላይ ነውና። ዶሉቴግራቪር ያለበትን ሕክምና የሚወስድ ሰው ፓክስሎቪድን መውሰድ ይችላል። ሪቶናቪር ያለበትን የሚወስድም የራሱን ሕክምና ሳያቋርጥ ይቀጥላል። ሪቶናቪር የሚለውን ስም ሳጥኑ ላይ አይቶ «ኤችአይቪ አለብህ ማለታቸው ነው» ብሎ የሚደነግጥም አለ፤ እዚህ የገባው ለጉበቱ ሥራ ብቻ ነው። ተመርምሮ የማያውቅ ሰው ግን ኤችአይቪ ኖሮበት ፓክስሎቪድን ቢወስድ ኤችአይቪው ለተመሳሳይ መድኃኒቶች ሊላመድ ይችላልና ቀድሞ መመርመሩ ይበጀዋል። ፋርማሲስቱ ፊት ለመናገር የከበደዎት እንደሆነ ለብቻዎ እንዲያነጋግርዎ ይጠይቁ፤ መብትዎ ነው።

ኩላሊትና ጉበት

ስኳር ወይም ግፊት ለዓመታት የቆየበት ሰው ኩላሊቱ ደክሞ ሳያውቀው ሊኖር ይችላል። የክሪያቲኒን የደም ምርመራ ይደረግ። የኩላሊት የማጣራት አቅም ከ60 በታችና ከ30 በላይ ሲሆን መጠኑ ይቀንሳል፦ ጠዋት አንድ ኒርማትረልቪር ከአንድ ሪቶናቪር፣ ማታም እንዲሁ። ከዚያ በታች ከሆነ አወሳሰዱ ስለሚለወጥ ሐኪም ብቻ ይወስን። ጉበቱ በጣም የተጎዳ ሰው አይወስደውም።

አወሳሰዱ

ሙሉው ሕክምና 30 ክኒን ነው። በየ12 ሰዓቱ ሁለት ባለ 150 ሚሊግራም ኒርማትረልቪር ከአንድ ባለ 100 ሚሊግራም ሪቶናቪር ጋር በአንድ ጊዜ ይዋጣል፤ ለአምስት ቀን። ጠዋት 1 ሰዓትና ማታ 1 ሰዓት ብሎ መያዝ ያቀላል። ሳይሰበር፣ ሳይታኘክ ይዋጥ። ከምግብ ጋርም ያለ ምግብም ይሆናል። አንዱ ቢረሳና 8 ሰዓት ካልሞላው ይዋጥ፤ ካለፈ ይዘለል፤ ሁለት ዶዝ አይደረብ።

አንድ ሳጥን ለባልና ለሚስት ተከፋፍሎ ሲወሰድ ሁለቱም ግማሽ ሕክምና ነው ያገኙት። ሦስተኛው ቀን ላይ ተሻለኝ ብሎ ማቆምም እንደዚያው ነው። አፍ ውስጥ መራራ፣ ብረት ብረት የሚል ጣዕም ይመጣል፤ ተቅማጥም ሊኖር ይችላል። ሁለቱም መድኃኒቱ ሲያልቅ ይሄዳሉ፤ ለማቆም ምክንያት አይሆኑም።

ሻንጣ ውስጥ ተይዞ የመጣ፣ ማሸጊያው የተቀደደ ወይም ቀኑ ያለፈ ሳጥን አይግዙ። ሪፈራል በሚባለው የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ወይም አዳሬ ሆስፒታል ሐኪም ያማክሩ፤ አዳማ ያለ ሰው ደግሞ አዳማ ሆስፒታል ሜዲካል ኮሌጅ። ፓክስሎቪድ የማይሆንለት ሰው ሬምዴሲቪርን በደም ሥር ለ3 ቀን ሊወስድ ይችላል፤ እሱ እስከ 7 ቀን ድረስ ይጀመራል። ሞልኑፒራቪር ደካማ አማራጭ ነው፤ ለነፍሰ ጡርና ከ18 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አይሰጥም።

«ይቅር» ከተባለ

ፓራሲታሞል፣ ፈሳሽ፣ ዕረፍት። አዚትሮማይሲን ቫይረስ ላይ አይሠራም፤ ኢቨርሜክቲንም አልጠቀመም። ከሁሉ የከፋው አቋራጭ ዴክሳሜታሶን ነው። ኦክስጅን ያስፈለገውን ታካሚ ያድናል፤ ቤቱ ተቀምጦ በደንብ ለሚተነፍስ ሰው ግን አይጠቅምም፣ ሊጎዳም ይችላል፤ ስኳር ያለበትን ሰው ስኳሩን ያስፈነጥረዋል።

የጣት ኦክስጅን መለኪያ ካለ በቀን ሁለት ጊዜ ይለኩ። እጅ ይሙቅ፤ ተቀምጠው አንድ ደቂቃ ይጠብቁ፤ እንሶስላ የተቀባ ወይም ቀለም ያለው ጥፍር ቁጥሩን ሊያሳስት ስለሚችል ሌላ ጣት ይምረጡ። ሐዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ስለሆነች ጤነኛው ሰውም ትንሽ ዝቅ ያለ ቁጥር ሊያሳይ ይችላል፤ የቤቱን ጤነኛ ሰው ለክቶ ማነጻጸር ይረዳል። መለኪያው በጠቆረ ቆዳ ላይ ከእውነተኛው ከፍ አድርጎ ሊያነብ እንደሚችልም አይርሱ። ከ92 በታች ደጋግሞ ካሳየ፣ ትንፋሽ ካጠረ፣ ደረት ካመመ ወይም በሽተኛው ግራ ከተጋባ ክኒን መፈለጉ ይቅርና ኦክስጅን ወዳለበት ሆስፒታል ይሂዱ።

ከአምስቱ ቀን በኋላ

ሕክምናው ካለቀ ከ2 እስከ 8 ቀን ባለው ጊዜ ምልክቱ ወይም ፖዘቲቭ ውጤቱ ሊመለስ ይችላል። መድኃኒቱን ባልወሰዱ ሰዎች ላይም ይታያል። ሁለተኛ ሳጥን አይጀመርም፤ ከሰው ራቅ ብሎ ማስክ አድርጎ እስኪያልፍ መጠበቅ ነው።

የሪቶናቪር ውጤት ከመጨረሻው ክኒን በኋላም ሦስት ቀን ያህል ይቆያል። ስለዚህ የቆሙና የተቀነሱ መድኃኒቶች በአምስተኛው ቀን ማታ ወዲያው አይመለሱም። ሐኪሙ እያንዳንዳቸው የሚመለሱበትን ቀን ይንገርዎት፤ ቀኑን በእስክሪብቶ በራሱ በመድኃኒቱ ፖስታ ላይ ይጻፉት።